ወረፋው አብሮ አይሄድም

«ለኦቲዝም የትኛው ስቴት ይሻላል?» የሚል ጥያቄ በየጊዜው ይደርሰኛል። አንዷ እናት ከላስ ቬጋስ ትደውላለች፣ አንዱ አባት ከአትላንታ ይጽፋል። ስልኬን ያገኙት ከሰው ሰው ነው። ለልጄ ስል ከቴክሳስ ወደ ሚኒሶታ መምጣቴን ሰምተዋል። ብዙዎቹ የሚፈልጉት የስቴት ስም ብቻ ነው። ስም ብጠራላቸው በማግስቱ ዕቃ መሸከፍ የሚጀምሩም አሉ። አልፈርድባቸውም። ልጅህ እየተጎዳ ጊዜው ሲነጉድ እያየህ ቁጭ ማለት ምን ማለት እንደሆነ አውቃለሁ።

ግን የስቴት ስም ብቻውን መልስ አይሆንም። ከስቴት ወደ ስቴት ስትሄዱ ልጃችሁን ተከትሎ የሚሄድ መብት አለ። እዚያው ጥላችሁት የምትሄዱት ደግሞ አለ። ይህን ለይቶ ማወቅ «ምርጥ አሥር ስቴቶች» ከሚሉት ዝርዝሮች ሁሉ ይበልጣል ባይ ነኝ። በስልክ ለእያንዳንዱ ሰው እየቆራረጥኩ ከምናገር አንዴ ረዘም አድርጌ ልጻፈው ብዬ ነው። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ልጄን እዚህ ማሙሽ እለዋለሁ። የተወለደው በ2016 ዳላስ አካባቢ ነው። ዓመት ከመንፈቅ ሲሞላው «ውሃ»፣ «እማ»፣ «በቃ» ይል ነበር። ሁለት ዓመት ሊሞላው ሲል ቃላቱ አንድ በአንድ ጠፉ። ስሙን ስንጠራው ዞር አይልም። የልብስ ማጠቢያው ማሽን ፊት ቁጭ ብሎ እስኪያቆም ድረስ ሲሽከረከር ያያል። ዘመድ ሁሉ ሊያጽናናን ሞከረ። «አባቱም አፉን የፈታው ዘግይቶ ነው።» «ወንድ ልጅ ይዘገያል።» አማቴ ከደሴ ደውለው «ጠበል አስጠምቂው ልጄ» አሉኝ። አስጠመቅነው። እስከ ዛሬም እናስጠምቀዋለን። በእኛ ቤት ጠበሉና ቴራፒው ተጣልተው አያውቁም። የሚጎዳው አንዱን ይዞ ሌላውን ማቆየት ነው፤ ሕፃን ልጅ የሚጠብቅበት ጊዜ የለውም።

የሕፃናት ሐኪሙ ወደ ስፔሻሊስት ላከን። ቀጠሮው ዓመት ሊሞላ ምንም አልቀረው። በዚያ መሃል ማሙሽ ሦስት ዓመት ሞላው። እስከ ሦስት ዓመት ያሉ ልጆችን ቤት ድረስ መጥቶ የሚረዳው ፕሮግራም እዚያ ላይ ያበቃል። ከዚያ በኋላ ተረኛው የትምህርት ዲስትሪክቱ ነው። ሄደን ስንጠይቅ «እንግሊዝኛ ይልመድና እናየዋለን» ተባልን። በቃል ብቻ። በጽሑፍ የተሰጠን ነገር የለም።

እዚህ ላይ ስለ ቴክሳስ ትንሽ ማወቅ ይጠቅማል። ስቴቱ በ2004 ዲስትሪክቶችን የሚቆጣጠርበት አንድ መለኪያ አወጣ። በስፔሻል ኢጁኬሽን (ልዩ ድጋፍ ለሚያስፈልጋቸው ልጆች በሚሰጠው ትምህርት) ውስጥ ያሉ ተማሪዎች ቁጥር ከ8.5 በመቶ በላይ ከሆነ ዲስትሪክቱ ነጥብ ይቀነስበታል። የአገሪቱ አማካይ ያኔ 13 በመቶ አካባቢ ነበር። ዲስትሪክቶቹ ምን እንደተባሉ ገባቸው። 12 በመቶ ገደማ የነበረው የስቴቱ ቁጥር ዓመት በዓመት እየወረደ 8.5 ላይ አረፈ። የልጆቹ ችግር ስለቀነሰ አይደለም፤ በሩ ስለጠበበ ነው። ነገሩን አደባባይ ያወጣው ሂውስተን ክሮኒክል ጋዜጣ ነው፣ በ2016። በ2017 የስቴቱ ምክር ቤት እንዲህ ያለውን ገደብ በሕግ ከለከለ። በ2018 መጀመሪያ ላይ የፌዴራሉ ትምህርት መሥሪያ ቤት ቴክሳስ ሕግ መጣሷን በይፋ አስታወቀ።

ማሙሽ ለትምህርት የደረሰው ገደቡ ከተነሳ በኋላ ነው። ግን ከአሥር ዓመት በላይ «ቆይ እስቲ» ማለት የለመደ ቤት በአንድ ሕግ አይለወጥም። እኔ የምሠራው የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ነው። ነገሩን የገለጠልኝ ምሳ አብረን የምንበላ ነርስ ናት፤ እሷም ኦቲዝም ያለበት ልጅ አሳድጋለች። «በቃል አትጠይቂ፣ ጻፊ፣ ቀን አድርጊበት፣ ኮፒ ያዢ» አለችኝ። ቴክሳስ ውስጥ ወላጅ በጽሑፍ ሲጠይቅ ዲስትሪክቱ በ15 የትምህርት ቀን ውስጥ መልስ የመስጠት ግዴታ አለበት። ለምዘናው ከፈረማችሁ ደግሞ 45 የትምህርት ቀን አለው። በቃል ለጠየቀ ግን ሰዓቱ አይቆጥርም። ጻፍኩ። ተመዘነ። አይ ኢ ፒ ተሠራለት። አይ ኢ ፒ ማለት ልጁ በሳምንት ስንት ሰዓት ስፒች ቴራፒ ያገኛል፣ ክፍል ውስጥ ማን ይረዳዋል፣ በዓመቱ መጨረሻ ምን ላይ ይደርሳል የሚለውን የያዘ ዕቅድ ነው። የሕግ ኃይል አለው።

ስለዚህ የሄድነው ትምህርት ቤቱን ሸሽተን ብቻ አልነበረም። ያስነሳን ከትምህርት ቤት ውጭ ያለው ነው።

ማሙሽ ቤት ውስጥም ሰው ያስፈልገዋል። እንቅልፍ የለውም። በር ከፍቶ መንገድ ላይ ይወጣል። እኔ ሌሊት እሠራለሁ፣ ባለቤቴ ትራክ ይነዳል። ለእንደዚህ ያለ ቤተሰብ የሚያግዝ ሜዲኬይድ ዌቨር የሚባል አለ። ሜዲኬይድ መንግሥት የሚከፍለው የጤና ሽፋን ነው፤ ዌቨሩ በእሱ ሥር ልጁ ቤቱ ሆኖ እንዲረዳ የሚሰጥ ተጨማሪ አገልግሎት ነው። ቤት መጥቶ ልጁን ለሚይዝ ሰው ይከፍላል፣ ለወላጅ ዕረፍት ይሰጣል። ቴክሳስ ውስጥ ግን ለዚህ የሚጠበቀው ወረፋ ከአሥር ዓመት በላይ ነው። ስሙን ስናስመዘግብ ያናገረችን ሴት በትሕትና «ምናልባት ትልቅ ሰው ሲሆን ይደርሰው ይሆናል» አለችን። መኪና ውስጥ ገብተን ሁለታችንም ለረጅም ጊዜ አልተነጋገርንም።

«ኢንሹራንስ የላችሁም ወይ?» የሚል ሰው አይጠፋም። አለን። ይህንንም ብዙ ሰው ስለማያውቀው ልናገር። ዛሬ ኢንሹራንስ የኦቲዝም ሕክምና እንዲሸፍን የሚያስገድድ ሕግ የሌለው ስቴት የለም። ግን ትልልቅ ድርጅቶች ብዙ ጊዜ የሠራተኛውን ሕክምና የሚከፍሉት ራሳቸው ናቸው። የኢንሹራንስ ኩባንያው ስሙን አውሶ ወረቀቱን ይሠራላቸዋል እንጂ ገንዘቡ የእሱ አይደለም። ሴልፍ ፈንድድ ይሉታል። የሚገዛው በፌዴራል ሕግ ስለሆነ የስቴቱ ሕግ አይነካውም። የባለቤቴ ኢንሹራንስ እንደዚያ ነበር። ኤ ቢ ኤ የሚባለውን፣ ኦቲዝም ያለበትን ልጅ ባህሪና ክህሎት ደረጃ በደረጃ የሚያስተምረውን ቴራፒ አይሸፍንም። የቴክሳስ ሜዲኬይድ ራሱ ኤ ቢ ኤ መክፈል የጀመረው በፌብሯሪ 2022 ነው። ያኔም የሁለታችን ደሞዝ ተደምሮ ሜዲኬይድ ከሚፈቅደው የገቢ ጣሪያ በላይ ሆነ። ከጣሪያው በላይ መሆን ሀብታም መሆን አይደለም። ቴራፒ ከኪስ መክፈል ግን የሀብታም ነው።

ሚኒሶታን ያነሳችልኝ አዲስ አበባ አብረን ያደግን ጓደኛዬ ናት። ሴንት ፖል ትኖራለች። «እዚህ የእናንተ ደሞዝ አይቆጠርም፣ የልጁ ነው የሚቆጠረው» ስትለኝ አላመንኳትም። እውነት ነው። ታሪኩም መነገር ያለበት ነው።

ኬቲ ቤኬት የአዮዋ ልጅ ናት። ጨቅላ ሳለች አእምሮዋን የሚያጠቃ ኢንፌክሽን ያዛትና በመተንፈሻ መሣሪያ ሆስፒታል ቀረች። ሆስፒታል እስካለች ድረስ ሜዲኬይድ ይከፍልላታል። ቤቷ ብትገባ ግን የወላጆቿ ገቢ ስለሚቆጠር ክፍያው ይቆማል። ቤት ውስጥ ማስታመሟ ከሆስፒታሉ እጅግ በረከሰ ዋጋ ይቻል ነበር። በ1981 ፕሬዚዳንት ሬገን በጋዜጣዊ መግለጫ ላይ ጉዳይዋን አነሱት፣ ልጅቷም ቤቷ ገባች። በቀጣዩ ዓመት ቴፍራ በሚባለው የግብር ሕግ ውስጥ አንድ አንቀጽ ገባ። ከባድ የአካል ጉዳት ወይም ሕመም ያለበት ልጅ ቤቱ ሲኖር የወላጁ ገቢ ሳይቆጠር ሜዲኬይድ እንዲያገኝ ይፈቅዳል። ግን ለስቴቶቹ ምርጫ ተተወ። ሚኒሶታ ወሰደችው። ቴክሳስ አልወሰደችውም። ሚኒሶታ ለብዙ ዓመታት ወላጆችን በገቢያቸው መጠን ወርሃዊ መዋጮ ታስከፍል ነበር። ከጁላይ 2023 ጀምሮ እሱም ቀረ። እኛ ዕቃችንን የጫንነው በዚያው ሳመር ነው።

ሌላም ነገር ነበር ልቤን ወደዚህ የሳበው። በ2008 አካባቢ ሚኒያፖሊስ ያሉ የሶማሌ እናቶች «ልጆቻችን ላይ ይህ ነገር በዛ» ብለው ድምፃቸውን አሰሙ። አልተውም አሉ። የሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ በ2013 ያወጣው ጥናት በከተማው ከ32 የሶማሌ ልጆች አንዱ፣ ከ36 ነጭ ልጆች ደግሞ አንዱ ኦቲዝም እንዳለበት ገመተ። ልዩነቱ ያን ያህል የሚያስደነግጥ አልሆነም። ኦቲዝም ያለባቸው የሶማሌ ልጆች ግን የአእምሮ እድገት ውስንነትም አብሯቸው የመገኘቱ ነገር ከሌሎቹ በጣም የበዛ ነበር። የእናቶቹ ጩኸት ከንቱ አልቀረም። ዛሬ እዚህ አንድ ነርስ ወይም አስተማሪ ከምሥራቅ አፍሪካ የመጣ ቤተሰብ ስለ ኦቲዝም ሲጠይቅ አዲስ ነገር አይሆንባትም። እኔ ያን መንገድ የጠረጉልኝን እናቶች ባላውቃቸውም አመሰግናቸዋለሁ።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ። ምን አብሮ ይሄዳል? ምን ይቀራል?

አብሮ የሚሄደው የትምህርት መብት ነው። ይህ የፌዴራል ሕግ ነው፣ መሠረቱ የ1975 ነው። በ1990 ስሙ ወደ አይዲኢኤ ሲቀየር ኦቲዝም ራሱን ችሎ ተጻፈበት። ልጁ አይ ኢ ፒ ይዞ ሌላ ስቴት ከገባ አዲሱ ዲስትሪክት «ከዜሮ እንጀምር፣ እስከዚያ ይጠብቅ» ማለት አይችልም። የራሱን ምዘና ጨርሶ አዲስ ዕቅድ እስኪያወጣ ድረስ ከቀድሞው ጋር ተመጣጣኝ አገልግሎት መስጠት አለበት። ተመጣጣኝ ማለት ግን ያንኑ ማለት አይደለም። እዚያ በሳምንት ሁለት ሰዓት ስፒች ከነበረው እዚህም ወደዚያ የሚጠጋ ያገኛል፤ ያንኑ ዓይነት ክፍል፣ ያንኑ ዘዴ ላያገኝ ይችላል። ስለዚህ ከመውጣታችሁ በፊት አይ ኢ ፒው ላይ የተጻፈው ነገር ጠንካራና ግልጽ ይሁን። «እንደ አስፈላጊነቱ» ተብሎ የተጻፈ አገልግሎት ስቴት ሲሻገር ጨርሶ ይጠፋል። ሰዓቱ በቁጥር ይጻፍ። ሙሉ ፋይሉን በእጃችሁ ይዛችሁ ሂዱ፣ «እንልክላቸዋለን» በሚል ተስፋ አትውጡ። ኤስ ኤስ አይ (ለአካል ጉዳተኛ በየወሩ የሚሰጥ የመንግሥት ገንዘብ) የሚያገኝ ልጅ ካላችሁም እሱ የፌዴራል ስለሆነ ይከተላችኋል፤ አድራሻ መቀየራችሁን ማሳወቅ ብቻ ነው።

የማይሄደው ሜዲኬይዱ ነው። የቴክሳሱ ቴክሳስ ይቀራል፣ እዚህ እንደ አዲስ ታመለክታላችሁ። በመሃል ባዶ ወራት ይኖራሉ። እዚህ ልጁ የአካል ጉዳተኛ መሆኑን የስቴቱ የሐኪሞች ቡድን ወረቀቱን አይቶ ማረጋገጥ አለበት፣ ያም ጊዜ ይወስዳል። ማሙሽ በነዚያ ወራት ከትምህርት ቤት ውጭ ምንም ቴራፒ አላገኘም። ከሁሉም በላይ ደግሞ ወረፋው አይሄድም። አንድ ስቴት ውስጥ ለዌቨር ስድስት ዓመት የጠበቀ ልጅ ድንበር ከተሻገረ ስድስቱ ዓመት ምንም ነው። ይህን ሳያውቁ የሚንቀሳቀሱ ሰዎችን ሳይ ያመኛል። ሜሪላንድ ያላችሁ ወገኖቼ ይህን ልብ በሉልኝ። ሲልቨር ስፕሪንግ አካባቢ ስንቶቻችን አለን። የሜሪላንድ የኦቲዝም ዌቨር ከ2001 ጀምሮ ያለ ነው፣ ብዙ ጥቅም አለው፣ ግን የሚጠብቁት ልጆች በሺዎች ናቸው። በ2022 ወረፋውን ለማሳጠር ሕግ ወጥቷል። ልጃችሁ እዚያ ዝርዝር ላይ ወደ ላይ ከወጣ እኔ «ሚኒሶታ ኑ» አልላችሁም። ቦታችሁን ያዙ።

የዲስትሪክት ጉዳይ ደግሞ አለ። ስቴት መረጣችሁ ማለት ትምህርት ቤት መረጣችሁ ማለት አይደለም። አንድ መንገድ መሻገር ዲስትሪክት ይቀይራል። እኛ የኪራይ ቤቱን ከመፈረማችን በፊት የየዲስትሪክቱን ስፔሻል ኢጁኬሽን ክፍል በስልክ ጠየቅን። በኢንተርኔት ላይ ያለው የትምህርት ቤት ደረጃ የሂሳብና የንባብ ፈተና ውጤት ነው፤ ለማሙሽ ምንም አይነግረንም። እኔ የጠየቅኩት እንዲህ ነው። እንደ ማሙሽ ፎቶ እየነካ በታብሌት የሚያወራ ልጅ አላችሁ ወይ? በሰፈሩ ትምህርት ቤት ነው የሚማረው ወይስ አውቶቡስ ተጭኖ ከተማ አቋርጦ? ምሳ ሰዓት ላይ ከማን ጋር ይቀመጣል? በር ከፍቶ ቢወጣ ምን ታደርጋላችሁ? አንዱ ዲስትሪክት «ከተመዘገባችሁ በኋላ እንነጋገራለን» አለ። ሌላው ጋ ስልኩን ያነሳችው ሴት ወንበር ስባ ስትቀመጥ ሰማሁ፤ ከዚያም ግማሽ ሰዓት ያህል አወራችኝ። የተከራየነው እዚያ ነው።

በየስቴቱ በፌዴራል ገንዘብ የሚሠራ ቢያንስ አንድ የወላጆች ማዕከል እንዳለም እወቁ። ሚኒሶታ ውስጥ ፔሰር ይባላል፣ ከ1977 ጀምሮ አለ። በነፃ ነው። ከመሄዳችሁ በፊት የምትሄዱበትን ስቴት ማዕከል ደውላችሁ መጠየቅ ትችላላችሁ። ይህን የሚያውቅ ሐበሻ ጥቂት ነው።

የመንገዱን ነገር ባጭሩ ላሳልፈው። አይ ሠላሳ አምስት ከዳላስ እስከ ሚኒያፖሊስ አንድ መንገድ ነው፤ ኦክላሆማን፣ ካንሳስን፣ ሚዙሪንና አዮዋን ያቋርጣል። ለማይናገር ልጅ «ቤት ልንቀይር ነው» ማለት ከባድ ነው። የአዲሱን ቤት በር፣ መኝታ ቤቱን፣ ማጠቢያ ማሽኑን ፎቶ አንስታ ጓደኛዬ ላከችልን። አትመን በፕላስቲክ ለበጥናቸው፣ በቀለበት አሰርናቸው። ማሙሽ ለሳምንታት እያገላበጠ ሲያያቸው ቆየ። የደረስን ዕለት ጫማውን እንኳ ሳያወልቅ ፎቶዎቹን ይዞ በቀጥታ ወደ ማሽኑ ሄደ።

የከበደን ሰው ማጣቱ ነው። ዳላስ የነበረን ቤተ ክርስቲያን ማሙሽን ያውቀዋል። ከበሮ ሲመታ ጆሮውን ይዞ ይጮሃል። ሲጀመር ሰዎች ዞር ብለው ያዩን ነበር። በኋላ አንዲት እናት፣ አያቱ ሊሆኑ የሚችሉ፣ መዝሙሩ ሊጀመር ሲል ቀስ ብለው እየመጡ እጁን ይዘውት ይወጡ ጀመር። ዛፍ ሥር ቁጭ አድርገውት ዝም ብለው አብረውት ይቀመጣሉ። ማንም አላዘዛቸውም። ማኅበራችን ላይ እንጀራውን ያለ ወጥ በተለየ ሳህን እንደሚበላ፣ ጠርዙን ብቻ ቀድዶ እንደሚጀምር የማያውቅ ሰው አልነበረም። ይህን ዓይነት ዕውቀት አይ ኢ ፒ ላይ ማንም አይጽፈውም። ዓመታት ይፈጃል። ጥለነው መጣን። ዳላስ ላይ ስንሰናበት ያለቀስኩት ለራሴ ሳይሆን ለእሱ ነው፤ የሚያውቀውን ሰው ሁሉ ባንድ ቀን አሳጣሁት ብዬ።

እዚህ ስንመጣ አንዳንድ ቤተሰቦች ልጃቸውን ከሰው እንደሚሸሽጉ አየሁ። ልደት ላይ አይመጣም፣ ጥምቀት ላይ የለም። ሲጠየቁ «ተኝቷል» ይላሉ። የፌዴራሉ የበሽታ መከላከያ መሥሪያ ቤት ሲዲሲ በ2025 ባወጣው ሪፖርት ከ31 የስምንት ዓመት ልጆች አንዱ ኦቲዝም አለበት። በእኛ ማኅበረሰብ ያለው ሁሉ ተኝቶ ሊሆን አይችልም። ስለዚህ እኔ ማሙሽን ይዤው ነው የምሄደው፤ የጆሮ መከላከያውን አድርጎ፣ ታብሌቱን አንግቶ። በአንድ በዓል ላይ አንድ አባት ጥግ ወስዶኝ «ያ የሚያወራበት ነገር ምንድነው?» አለኝ። ከዚያ ከረጅም ዝምታ በኋላ «እኔም ሴት ልጅ አለችኝ» አለ።

ስለ ታብሌቱ ካነሳሁ አይቀር ስለ ቋንቋ ልበል። ቴክሳስ ላይ አንዷ ባለሙያ «ቤት ውስጥ እንግሊዝኛ ብቻ አውሩት፣ ሁለት ቋንቋ ይከብደዋል» ብላን ነበር። አልተቀበልኩም። ጥናቶቹም አይደግፏትም፤ ሁለት ቋንቋ የሚሰሙ ኦቲዝም ያለባቸው ልጆች አንድ ብቻ ከሚሰሙት ወደኋላ እንደማይቀሩ በተደጋጋሚ ታይቷል። እኔ በእንግሊዝኛ ማዘዝ እችላለሁ፣ መሥራት እችላለሁ። ማባበል ግን የምችለው በአማርኛ ነው። እዚህ ያገኘናት የስፒች ቴራፒስት «ድምፅሽን እንቅዳው» አለች። የእንጀራ ፎቶ አስገባን፣ ሥሩ የእኔን ድምፅ። አሁን ትምህርት ቤት በእንግሊዝኛው ገጽ ያወራል። ቤት ሲገባ ገጹን ራሱ ይቀይራል፣ ፎቶውን ይነካል፣ ታብሌቱ በእኔ ድምፅ «እንጀራ ስጪኝ» ይለኛል።

የመጀመሪያው ስብሰባ ላይ አስተርጓሚ ጠየቅኩ። እንግሊዝኛ አላጣሁም፤ ባለቤቴ ግን ስለ ልጁ በአማርኛ ሲያወራ ሌላ ሰው ነው። ወላጅ በስብሰባው የሚባለውን እንዲረዳ ማድረግ የዲስትሪክቱ ግዴታ ነው፣ አስተርጓሚ ማቅረብንም ይጨምራል። በዚያ ቀን ባለቤቴ ስለ ማሙሽ የተናገረውን እኔም ከዚያ በፊት ሰምቼው አላውቅም ነበር። ምዘናው እዚህ ከፈረሙ በኋላ በ30 የትምህርት ቀን ውስጥ ማለቅ አለበት። አለቀ።

እዚህም ሁሉም ሰላም ነው አልልም። ክፍል ውስጥ የሚረዱት ፓራዎች ደሞዛቸው ትንሽ ስለሆነ ይቀያየራሉ። ማሙሽ አንዷን ሲላመድ ትሄዳለች። ጥሩ የቴራፒ ማዕከሎች የራሳቸው ወረፋ አላቸው። ከዚህም የባሰ አለ። ሚኒሶታ ኦቲዝም ላለባቸው እስከ 21 ዓመት ላሉ ልጆች በሜዲኬይድ የምትከፍለው ኢአይዲቢአይ የሚባል ፕሮግራም አላት። እኛን እዚህ ካመጡን ነገሮች አንዱ እሱ ነው። በዲሴምበር 2024 ኤፍ ቢ አይ የኦቲዝም ማዕከሎችን ፈተሸ። በሴፕቴምበር 2025 የፌዴራል ዐቃቤ ሕግ ክስ መሠረተ። ያልተሰጠ ቴራፒ ተሰጥቷል ተብሎ ሂሳብ እንደተጠየቀበት፣ ልጆቻቸውን ላመጡ ወላጆችም በወር ከ300 እስከ 1,500 ዶላር ይከፈል እንደነበር ክሱ ይገልጻል። ይህን ሳነብ እጄ ተንቀጠቀጠ። ማንም «ልጅሽን እኛ ጋ አምጪው፣ በወር ይህን ያህል እንሰጥሻለን» ካላችሁ ጥላችሁ ውጡ። ያ ገንዘብ የልጃችሁ የቴራፒ ሰዓት ነው። ስቴቱ አሁን ቁጥጥሩን አጥብቋል፣ ጥሩ አድርጓል። በሐቀኛው ማዕከል የሚማረው የእኔ ልጅ ግን በዚያው ወረቀት ብዛት ይጉላላል።

አማቴ አሁንም ይደውላሉ። አንድ ቀን «እዚህ አገራችን ብትመጡስ?» አሉኝ። አልሳቅኩም፤ ያን ያደረገች እናት ነበረች። ወይዘሮ ዘሚ የኑስ አሜሪካ ኖረው አዲስ አበባ ሲመለሱ ለልጃቸው ለጆጆ የሚሆን ትምህርት ቤት አጡ። በ2002 ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን ራሳቸው ከፈቱ። በ2021 እስኪያርፉ ድረስ በቴሌቪዥን እየወጡ፣ ልጃቸውን ሳይሸሽጉ፣ ስንቱን ቤተሰብ በር አስከፈቱ። እኔ የእሳቸው ዓይነት ጉልበት የለኝም። ያለ አገልግሎት ጋ መሄድ ነው የቻልኩት።

ባለፈው ዓመት መጨረሻ ባለቤቴ ኮሎራዶ ሥራ አገኘ። ደሞዙ ከዚህ የተሻለ ነው፣ ሌሊት ሌሊት ቤቱ ያድራል። አውሮራ ዘመድ አለን፣ ቤተ ክርስቲያንም ቅርብ ነው። ሁለት ሳምንት ሙሉ ተነጋገርንበት። እኔ በወረቀት ላይ ጻፍኩት። የማሙሽ ሜዲካል አሲስታንስ (የሚኒሶታ ሜዲኬይድ የሚጠራበት ስም ነው) እዚህ ነው። ከካውንቲው የመጣችው ሴት መዝናው ዌቨሩ የተፈቀደለት ባለፈው ስፕሪንግ ነው። ቤት መጥቶ ማሙሽን የሚይዘው ረዳት አሁን ስሙን ያውቃል፣ እንዴት እንደሚያስተኛውም ገብቶታል። ኮሎራዶ ብንሄድ አይ ኢ ፒው ይከተለናል፣ ሌላው ሁሉ እንደ አዲስ ነው። ባለቤቴ ወረቀቱን አይቶ ስልኩን አነሳና «አልመጣም» አላቸው። አሁንም ትራኩን ይነዳል፣ በሳምንት አራት ሌሊት ውጭ ያድራል፣ እኔ ደግሞ የሌሊት ሥራዬን ወደ ቀን ለማዞር አመልክቻለሁ።